ቀለም እንደ ሕግ፦ ሥዕላዊ ትረካ ዓለሙን የሚያቆምበት መንገድ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በሥዕላዊ ትረካ፣ በተለምዶ ኮሚክስ በሚባለው የኪነ ጥበብ ዘርፍ፣ ቀለም የትረካውን ዓለም በማቆም ረገድ ያለውን ድርሻ ይመረምራል። የጽሑፉ ዐቢይ ጭብጥ፣ ቀለም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚደረብ ጌጥ ሳይሆን የዚያ ዓለም ሕግ ነው የሚል ነው። ማን ከማን እንደሚለይ፣ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ፣ የትኛው ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ እንደሚታይ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቃል የሚደነግገው ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የታተመው «የፍርድ ቀን» የተሰኘ አጭር ትረካና ከ2005 ጀምሮ በፈረንሳይኛ የወጣው «የዮፑጎኗ አያ» ዋና ማሳያ ሆነው ቀርበዋል። በመጨረሻም ጉዳዩ ከአማርኛ የቀለም ስሞችና ከአገራችን የሥዕል ትውፊት ጋር ተያይዞ ይታያል።

1. መግቢያ

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። ጸሐፊ ብዕሩን የሚነክርበት ፈሳሽ ቀለም ነው፤ ቀይና ቢጫም ቀለም ናቸው፤ የተማረ ሰው «ቀለም የቀመሰ» ይባላል፤ በሥነ ግጥም ትምህርት ደግሞ ስንኝ የሚመጠንበት የድምፅ አሐድ ቀለም ተብሎ ይጠራል። ቋንቋው ራሱ ቀለምን ከንባብ ነጥሎ አያየውም። የብራና መጻሕፍቶቻችንም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ቁም ጸሐፊው ዋናውን ጽሑፍ በጥቁር ይጽፋል፤ የአምላክን፣ የእመቤታችንን ወይም የጻድቁን ስም ሲደርስ ግን ብዕሩን ለውጦ በቀይ ያሰፍራል። አንባቢው ገጹን ገልጦ ገና አንዲት ቃል ሳያነብ ቅዱሱ ስም የት የት እንዳለ ያያል። ያ ቀይ ቀለም ገጹን ቢያሳምረውም ዋና ተግባሩ ማሳመር አይደለም፤ በገጹ ዓለም ውስጥ ሁለት ዓይነት ስም እንዳለ ይደነግጋል።

ይህን የመሰለ ውርስ ይዘን ሳለ፣ ስለ ሥዕላዊ ትረካ ሲነሣ ቀለም የመጨረሻውን ወንበር መያዙ ያስገርማል። ምክንያቱ ከፊል ከአሠራሩ የመጣ ነው። በቀድሞው የአሜሪካ የኅትመት ልማድ አንዱ ይጽፍ፣ ሌላው በእርሳስ ይሥል፣ ሦስተኛው መስመሩን በጥቁር ያጠናክር፣ ሌላው ንግግሩን በእጅ ጽሕፈት ያሰፍር ነበር፤ ቀለም የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነበር። የቀለም ባለሙያው ስም ለብዙ ዘመን ጨርሶ ሳይጠቀስ ቀርቷል። ሒስም የአሠራሩን ተራ እንደ ክብር ተራ ወስዶ ስለ ድርሰቱና ስለ መስመሩ ብዙ ሲናገር ስለ ቀለሙ «ደማቅ ነው»፣ «ያምራል» ብሎ ያልፋል።

«የትረካን ዓለም ማቆም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል። ልብ ወለድ ጸሐፊ «መሽቶ ነበር» ብሎ አንድ ጊዜ ከጻፈ፣ ምሽቱ ሌላ ነገር እስኪነገር ድረስ በአንባቢው ልብ ውስጥ ይቆያል። በሥዕላዊ ትረካ ግን ምሽቱ በእያንዳንዱ ክፈፍ ውስጥ መኖር አለበት። በአንዱ ክፈፍ ሰማዩ ቢነጣ፣ ሌሊቱ እዚያው ላይ ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለም ለሥዕላዊ ትረካ አንድ ጊዜ ተነግሮ የሚያልፍ ገለጻ አይደለም፤ ገጽ በገጽ የሚጸና ሥርዓት ነው። ሕግ ያሰኘውም ይህ ነው፤ አይነገርም፣ ነገር ግን ሁሉም ነገር በእርሱ ሥር ይኖራል።

ጥያቄው ለእኛም ወቅታዊ ነው። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካሳተመ ወዲህ፣ በአማርኛ የሚነበብ ባለቀለም ሥዕላዊ ትረካ በእጃችን ገብቷል። ሥራው ካለ ሒሱም ይከተላል፤ ሒሱ ደግሞ ቀለምን የሚያነብበት ዐይን ያስፈልገዋል።

2. ብርቱካናማና ሰማያዊ፦ «የፍርድ ቀን»

«የፍርድ ቀን» በአል ፌልድስቲን ተጽፎ በጆ ኦርላንዶ የተሣለ፣ «ዊርድ ፋንታሲ» በተባለው መጽሔት 18ኛ እትም እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ አጭር ትረካ ነው። ታርልተን የሚባል ከምድር የተላከ የጠፈር ተጓዥ፣ ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩባትን ሳይብሪኒያ የተባለች ፕላኔት ይጎበኛል። የመጣው ነዋሪዎቿ ወደ ጋላክሲው ሪፐብሊክ ለመግባት መብቃታቸውን መርምሮ ሊፈርድ ነው። አንድ ብርቱካናማ ሮቦት እየመራ ከተማውንና ፋብሪካውን ያሳየዋል። ጎብኚው ቀስ በቀስ የሚረዳው ነገር አለ። በዚያች ፕላኔት ብርቱካናማና ሰማያዊ ሮቦቶች አሉ፤ ሰማያዊዎቹ የሚኖሩት ተለይተው ነው፤ በአውቶቡስ የሚሳፈሩት ከኋላ ነው፤ የሚሰጣቸው ሥራም ዝቅ ያለው ነው። በውስጣቸው ያለው ብረትና ሽቦ ግን አንድ ነው። የሚለያቸው የላይ ሽፋናቸው፣ ማለትም ቀለማቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቀለም የዓለሙ ሕግ መሆኑ በቀጥታ ይታያል። ደራሲው የሳይብሪኒያን ሕገ መንግሥት፣ ታሪክ ወይም እምነት በዝርዝር መተረክ አላስፈለገውም። ሁለት ቀለም ሲመደብ ከተማው፣ ፋብሪካው፣ መጓጓዣው፣ ትምህርቱ ሁሉ በዚያ ድልድል ይቆማል። አንባቢው በአንድ ክፈፍ ውስጥ ሰማያዊ አካል ባየ ቁጥር ያ አካል የት መቆም እንደሚፈቀድለትና እንደማይፈቀድለት ያውቃል። ዓለሙን የተረዳው ተነግሮት ሳይሆን ቀለሙን ለመለየት ዐይኑ ስለሠለጠነ ነው። ነገሩ የሚያሳፍረውም በዚሁ ነው፤ በጥቂት ገጽ ውስጥ አንባቢው ራሱ እንደ ሳይብሪኒያ ነዋሪ ማየት ጀምሯል።

ታርልተን ፕላኔቷ ገና አልበቃችም ብሎ ይፈርዳል። ወደ መንኮራኩሩ ተመልሶ በመጨረሻው ክፈፍ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ እናገኘዋለን፤ በፊቱ ላይ ያለው ላብ እንደ ሩቅ ከዋክብት ያብለጨልጫል። እስከዚያ ድረስ የቆዳው ቀለም አልታየም ነበር። ታዲያ ከቁሩ በታች ያለውን ፊት ማን ቀባው? አንባቢው። ያ የመጨረሻ ክፈፍ የታርልተንን ማንነት ከመግለጥ አልፎ አንባቢው ሳያውቅ በልቡ የቀባውን ቀለም ያጋልጣል። በሥዕላዊ ትረካ ውስጥ ባዶ የተተወ ቦታ ሁሉ ባዶ ሆኖ እንደማይቀር፣ የአንባቢው ልማድ እንደሚሞላው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

የዚህን ክፈፍ ክብደት ለመረዳት የዘመኑን ማተሚያ ማሰብ ይገባል። የአሜሪካ ሥዕላዊ መጽሔቶች በርካሽ ወረቀት ላይ ይታተሙ ነበር። ከጥቁሩ ሌላ ሦስት ቀለሞች፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ፣ እያንዳንዳቸው በአራት መጠን ሲወሰዱ፣ ማለትም ምንም፣ ሩብ፣ ግማሽ ወይም ሙሉ ሲሆኑ፣ በጠቅላላው 64 ድብልቅ ይገኝ ነበር። የነጭ ሰው ቆዳ በዚህ ገበታ ውስጥ የታወቀ፣ የተለመደ ድብልቅ ነበረው። የጥቁር ሰው ቆዳ ግን ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም የጨቀየ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ የማተሚያው ገበታ ራሱ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማን ጎልቶ ማን ደብዝዞ እንደሚታይ ወስኖ ነበር ማለት ነው።

ኢሲ የተባለው አሳታሚ ትረካውን እ.ኤ.አ. በ1956 እንደገና ሊያትም ሲነሣ፣ የመጽሔቶቹን ይዘት የሚቆጣጠረው አካል ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም ብሎ ተቃወመ። አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ እምቢ አለ፤ ትረካው ሳይለወጥ ታተመ። ልብ ማለት የሚገባው የተጠየቀው ለውጥ ምን እንደነበር ነው። ታሪኩ ይቀየር አልተባለም፤ ብርቱካናማና ሰማያዊ ሮቦቶች ይውጡም አልተባለም፤ ይለወጥ የተባለው በአንድ ክፈፍ ውስጥ ያለ የአንድ ሰው ቀለም ነው። ቀለም ጌጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይከራከርበትም ነበር።

የዚህ ትረካ የኋላ ዕጣ ሌላም ነገር ያስተምራል። ረስ ኮክራን የተባለው አሳታሚ የኢሲን ሥራዎች ሰብስቦ በትላልቅ ጥራዞች ሲያወጣ የውስጥ ገጾቹን ያለ ቀለም አትሟቸዋል። የኦርላንዶ መስመር በዚያ እትም ጥርት ብሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ብርቱካናማውና ሰማያዊው ሮቦት ሁለቱም ነጭ ይሆናሉ፤ ልዩነታቸውን የሚነግረን ጽሑፉ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ይህ እትም የትረካውን እውነት ይናገራል፤ በርግጥም ሮቦቶቹ አንድ ናቸው። በሌላ በኩል ግን የሳይብሪኒያ ሕግ ከገጹ ጠፍቷል፤ አንባቢው ስለ ዓለሙ ይሰማል እንጂ በውስጡ አይኖርም።

3. ሌሊት ያላት ከተማ፦ «የዮፑጎኗ አያ»

«የፍርድ ቀን» ቀለምን በሁለት ጎራ ከፍሎ ዓለም አቆመ። ቀለም ከዚህ በለሰለሰ፣ ግን ባልተናነሰ ኃይል እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ወደ አፍሪካ ምድር ማለፍ ይጠቅማል። ማርጌሪት አቡዌ የጻፈችውና ክሌማን ኡብሬሪ የሣለው «የዮፑጎኗ አያ» የመጀመሪያ ቅጹ እ.ኤ.አ. በ2005 በጋሊማር ታትሞ በ2006 በአንጉሌም የሥዕላዊ ትረካ ፌስቲቫል የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት አግኝቷል። «አያ ጅቦ»ን እየሰማ ላደገ የአማርኛ አንባቢ፣ እዚህ አያ የሴት ልጅ ስም መሆኑን ማስታወስ ሳያሻ አይቀርም። ሐኪም ለመሆን የምትመኝ ወጣት ናት። ጊዜው 1978፣ ቦታው የኮትዲቯሯ አቢጃን፣ ሠፈሩ ዮፑጎን ነው።

ስለ አፍሪካ ሲሣል በብዛት የሚቀርብ አንድ የተለመደ ገበታ አለ፤ የአሸዋ ቢጫ፣ የምትጠልቅ ጀምበር ብርቱካናማ፣ ከፊቷም እንደ ጥላ የቆመ ጥቁር የግራር ዛፍ። በስንት የመጽሐፍ ሽፋን ላይ እንዳየነው ቁጥር የለውም። ይህ ገበታ የሚያቆመው ዓለም ሰዓት የለውም፤ ሁልጊዜ ጀምበር እየጠለቀች ነው። ሰውም የለውም፤ ያለው ጥላ ነው። ሌላው የቆየ ገበታ የኤርዤ «ታንታን በኮንጎ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 እና 1931 ያለ ቀለም የወጣው ይህ ሥራ በ1946 እንደገና ተሥሎ በቀለም ታተመ። አሣሣሉ ጥላ የሌለበት፣ እያንዳንዱን ነገር በአንድ ወጥ ቀለም የሚሞላ ነው። ታንታን፣ ውሻውና መኪናው በዚህ መንገድ የየራሳቸውን ቀለም ሲያገኙ፣ ኮንጎዎቹ ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት የጠቆረ ቀለም ተሞልተዋል። በአንዱና በሌላው መካከል የቆዳ ልዩነት የለም፤ ስለዚህ በዚያ ዓለም ውስጥ ሕዝብ አለ እንጂ ግለሰብ የለም።

«የዮፑጎኗ አያ» ሁለቱንም ገበታ ይተዋል። ሞቃት ቀለም አይጠላም፤ ቀኑ በቢጫ፣ በቀይ አፈርና በአረንጓዴ የተሞላ ነው። ነገር ግን ይህ ሙቀት የቀኑ ብቻ ነው። ሲመሽ ገጾቹ ወደ ሰማያዊና ወደ ሐምራዊ ያዘነብላሉ፤ የሰዎቹም ቆዳ ከብርሃኑ ጋር አብሮ ይለወጣል። ሌሊቱ በትረካው ውስጥ ሥራ አለው። የሠፈሩ ወጣቶች «ባለ ሺህ ከዋክብቱ ሆቴል» እያሉ የሚቀልዱበት ቦታ አለ፤ ቀን ገበያ፣ ሌሊት ከሰማዩ በቀር ጣራ የሌለው የፍቅረኞች መገናኛ ነው። የዚህ ቦታ ሁለትነት የቆመው በቀለም ነው። ያው አደባባይ በቢጫ ሲታይ የእናቶች፣ የሸማቾችና የሠፈር ዐይን ዓለም ነው፤ በሰማያዊ ሲታይ ደግሞ የምስጢር ዓለም ይሆናል። አያና ጓደኞቿ አጁዋና ቢንቱ በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ሲመላለሱ፣ በሴት ልጅ ላይ የሚጣለው ቁጥጥር ከየት እስከየት እንደሚደርስ አንባቢው ከቀለሙ ያነባል።

የዚህ ትርጉም ከሥነ ውበት ያለፈ ነው። ሌሊት ያላት ከተማ ጊዜ ያላት ከተማ ናት። ጊዜ ያላት ከተማ ደግሞ የምትለወጥ፣ ሰዎቿ የሚመርጡባትና የሚሳሳቱባት ከተማ ናት። ዘላለም የምትጠልቅ ጀምበር ያላት አፍሪካ ግን ታሪክ ሊደርስባት አይችልም። በተከታዮቹ ቅጾች ፀጉር ሠሪው ኢኖሰንት ወደ ፓሪስ ሲሰደድ ገጹ ይቀዘቅዛል፤ ግራጫና ደብዛዛ ሰማያዊ ይነግሣል። ማዕከሉ አቢጃን ሆና ፓሪስ ከእርሷ አንጻር የምትለካ እንግዳ ምድር የሆነችው በንግግር አይደለም፤ አንባቢው በቀደሙት ቅጾች በአቢጃን ብርሃን ዐይኑን ስለገራ ነው። የማን ብርሃን መደበኛ እንደሆነ መወሰን፣ የማን ዓለም ዓለም እንደሆነ መወሰን ነው።

4. ያለ ቀለም ዓለም አይቆምምን?

ይህን ክርክር የሚፈታተን ተቃውሞ አለ። ማርጃን ሳትራፒ ከ2000 ጀምሮ ያሳተመችው «ፐርሴፖሊስ» ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ሳለ የአብዮት ዘመኗን ቴህራን በሚገባ አቁሟታል። ስኮት ማክላውድም እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ስለ ሥዕላዊ ትረካ በሚያትተው መጽሐፉ፣ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ሐሳቡን ይበልጥ በቀጥታ እንደሚያደርስ፣ አንድ ወጥ ቀለም ግን ዐይንን ወደ ነገሮቹ ቅርጽ እንደሚስብ አመልክቷል። ታዲያ ቀለም የዓለም ሕግ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

መልሱ በተቃውሞው ውስጥ አለ። ጥቁርና ነጭም ገበታ ነው። በ«ፐርሴፖሊስ» የሴቶቹ ጥቁር መሸፈኛ እርስ በርሱ ተጋጥሞ አንድ ትልቅ ጥቁር ቦታ ሲሆን፣ ከውስጡ የሚወጡት ነጫጭ ፊቶች ብቻ የየግል ማንነታቸውን ይዘው ይቀራሉ። ይህ የሳትራፒ ዓለም ሕግ ነው። ቀለም ቢጨመርበት ሕጉ ይፈርሳል። እንግዲህ ሒስ ሊጠይቅ የሚገባው «ቀለም አለው ወይስ የለውም?» ብሎ አይደለም፤ «ይህ ገበታ ምን እንዲታይ ፈቀደ፣ ምን እንዳይታይ ከለከለ?» ብሎ ነው።

5. ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር፦ ጉዳዩ ወደ ቤት ሲመጣ

ተከታታይ ሥዕል ለእኛ አዲስ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፈፍ ተከፍሎ፣ ከየሥዕሉ ጋር በአማርኛ መግለጫ እየተጻፈበት ሲሣል ኖሯል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም የራሱ የማያሻማ ሕግ አለው። ጻድቁ ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጥኡ ፊቱን አዙሮ በአንድ ዐይን ብቻ ይታያል፤ ሰይጣንም ጥቁር ሆኖ ይሣላል። ምእመኑ ሥዕሉን ለመረዳት ንባብ አይፈልግም፤ ሕጉን ያውቀዋል።

አማርኛም በቀለም ስም ዓለምን ይዞ ይመጣል። ሰማያዊ ስንል ሰማይ፣ ቡናማ ስንል ቡና፣ ብርቱካናማ ስንል ፍሬው አብሮ ይታወሳል። ዳማ፣ ዳልቻ፣ ቡላና ጉራቻ የፈረስና የከብት መልክ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ወደ ሰው ተሻግሮ «ቀይ ዳማ» እንላለን። ስለ ሰው ቆዳ ስንናገር ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር እያልን በጥንቃቄ እንለያለን። ከዚህ አንጻር ሰውን ሁሉ በአንድ ቡናማ የሚሞላ የቀለም ባለሙያ ከዕለት ንግግራችን ይልቅ የደኸየ ዓለም ያቆማል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ራስን ማመስገን ብቻ አይበቃም። እነዚህ ስሞች መለያ ብቻ አይደሉም፤ መሰላልም ናቸው። «ቀይ ናት» ሲባል ምስጋና፣ «ጥቁር ናት» ሲባል «ግን መልከ መልካም» የሚል ማስተባበያ የሚከተልበት አነጋገር ለማንም እንግዳ አይደለም። ከዚህም የከፋ፣ ቆዳን ከባርነት ታሪክ ጋር የሚያያይዝ ስድብ በአገራችን ቋንቋዎች ውስጥ ኖሯል። ስለዚህ በአማርኛ ሥዕላዊ ትረካ ውስጥ ጀግናውን ቀላ፣ ክፉውን ጠቆር አድርጎ የሚቀባ ሠዓሊ ምንም ቃል ሳይጽፍ ሳይብሪኒያን በአዲስ አበባ ያቆማል። አንባቢውም ሕጉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ምንም አይታወቀውም። የ«ፍርድ ቀን» ትምህርት ከ1953ቱ አሜሪካ ወደ እኛ የሚሻገረው በዚህ በር ነው።

መፍትሔው ልዩነትን ማጥፋት አይደለም፤ ኮንጎዎቹን በአንድ ቀለም የሞላው ሥራ ያንን አሳይቶናል። የሚሻለው «የዮፑጎኗ አያ» እንዳደረገችው ቀለምን ለብርሃን፣ ለሰዓትና ለቦታ ማስገዛት ነው። ለዚህ ደግሞ የደጋው አገር ገበታ እጅግ ባለጸጋ ነው። ኮረብታው ግራጫ ጉም ከለበሰ ሐምሌ ነው፤ አረንጓዴው መካከል የአደይ አበባ ቢጫ ብቅ ካለ መስከረም ገብቷል፤ ሜዳው ገለባ ከመሰለ በጋው ገፍቷል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በክፈፉ ጥግ ካለ አዲስ አበባ ነን። አንዲት መስመር ጽሑፍ ሳይጨመር ወሩም ቦታውም ይታወቃል። ያንኑ ጠይም ፊት በክረምት ጉም፣ በመስከረም ፀሐይና በማታ አምፖል ሥር ሦስት ዓይነት አድርጎ የሚቀባ ባለሙያ፣ ቆዳ ብርሃን የሚያርፍበት የሰው ገላ እንጂ የማዕረግ ምልክት አለመሆኑን ያስተምራል።

6. ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ሥራዎች አንድ ነገር ይመሰክራሉ። «የፍርድ ቀን» በሁለት ቀለም አንድ ግፈኛ ኅብረተሰብ አቆመ፤ በመጨረሻው ክፈፍ ደግሞ ሕጉን ወደ አንባቢው መለሰው። «የዮፑጎኗ አያ» ለአንዲት የአፍሪካ ከተማ ሌሊት በመስጠት ጊዜን ሰጠቻት። «ፐርሴፖሊስ» ቀለምን መተውም ሕግ ማውጣት መሆኑን አሳየ። በሦስቱም ቀለሙን ብናነሣ ወይም ብንለውጥ የሚቀረው ያው ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ የአማርኛ ሥዕላዊ ትረካ ሒስ ከመጀመሪያው ቀለምን በዝምታ ከማለፍ ሊጠበቅ ይገባል። የቀለም ባለሙያው ስም ከደራሲውና ከሠዓሊው ስም ጎን ይጠቀስ፤ የመረጠውም ገበታ እንደ ድርሰቱ ይመርመር፣ ይጠየቅ። ቁም ጸሐፊው ቀዩን ብዕር ሲያነሣ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር፤ የቀለም ባለሙያውም ሆነ ሐያሲው ከዚያ ያነሰ ሊያውቁ አይገባም።